ሐዲስ ዓለማየሁ፦ ከልብ ወለዱ ወደ ትዝታው

በመርሳ፣ በወልዲያና በሀብሩ ስለ ጣሊያን ወረራ ሲወሳ አስቀድሞ የሚነሣው ማይጨው ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። በ1928 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ ጦር ከደሴ ተነሥቶ ወደ ኮረም የዘመተው በዚሁ በወሎ ምድር አልፎ ነው። በዚያው ዓመት በየካቲት ወር በሽሬ ግንባር የሆነውን ግን ከእኛ መካከል አጣርቶ የሚያውቀው ጥቂት ነው። ያን ግንባር በዓይናቸው አይተው በጽሑፍ ካቆዩልን ኢትዮጵያውያን አንዱ ደግሞ ከልብ ወለድ ድርሰታቸው በቀር በሌላ ሥራቸው እምብዛም የማይወሱት ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. በጎጃም፣ ደብረ ማርቆስ አቅራቢያ፣ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ከካህን ቤተሰብ ተወለዱ። በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ የቤተ ክህነት ትምህርት ቀሰሙ። ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ሄደው በስዊድን ሚስዮንና በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ዘመናዊ ትምህርት ተከታተሉ። ገና በወጣትነታቸው «የሐበሻና የወደኋላ ጋብቻ» የተሰኘ ተውኔት መጻፋቸው እኛን የመድረክ ሰዎችን በተለይ ሊያኮራን ይገባል፤ የታላቁ ልብ ወለድ ደራሲ ብዕር በመጀመሪያ የተሟሸው በተውኔት ነውና።

ወረራው በመጣ ጊዜ ሐዲስ ከራስ እምሩ ጦር ጋር ወደ ሽሬ ዘመቱ። ጦሩ ከተፈታ በኋላም ከራስ እምሩ አልተለዩም። ወደ ምዕራብ አፈግፍገው ጥቂት ጊዜ ከተዋጉ በኋላ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አካባቢ በጠላት እጅ ወደቁ። ወደ ኢጣሊያ ተወስደው በፖንዛና በሊፓሪ ደሴቶች ታሰሩ፤ ነጻ የወጡትም የኅብረቱ ጦር ኢጣሊያን በወረረ ጊዜ፣ ሰባት ዓመት ገደማ ከቆዩ በኋላ ነው። ሀገራቸው ከእሳቸው በፊት፣ በ1933 ዓ.ም.፣ ነጻ ወጥታ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን የሹመት ታሪካቸውን ባጭሩ ብናልፈው የሚጎድል ነገር የለም፦ በኢየሩሳሌም ቆንስል፣ በዋሽንግተንና በተባበሩት መንግሥታት ዲፕሎማት፣ የትምህርት ሚኒስትር፣ በለንደን አምባሳደር፣ ከዚያም የልማትና የፕላን ሚኒስትር ሆነዋል። ባለሥልጣን ሆነው በነበሩበት በዚሁ ዘመን፣ በ1958 ዓ.ም.፣ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አሳተሙ።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያሻል። የንጉሡ ሚኒስትር የነበሩ ሰው የባላባቱን ሥርዓት እስከ ሥሩ የሚነቅፍ መጽሐፍ እንዴት ሊጽፉ ቻሉ? ፊታውራሪ መሸሻ በትዕቢታቸውና በዘር ቆጠራቸው የልጃቸውን የሰብለ ወንጌልን ሕይወት ያመክናሉ። ጉዱ ካሣ እውነቱን በመናገሩ እንደ ዕብድ ይቆጠራል። በእኔ አስተያየት ግን የመጽሐፉ የፖለቲካ ልብ ያለው በፍቅሩ ታሪክ ሳይሆን በገበሬዎቹ አመፅ ውስጥ ነው። ከደንቡ በላይ ግብር የተጠየቁት ገበሬዎች በመጀመሪያ በሽማግሌ ይለምናሉ፤ ልመናቸው ሲናቅ በአበጀ በለው መሪነት እምቢ ይላሉ፤ ሊያስገብሯቸው የዘመቱትን ፊታውራሪም ይማርካሉ። ደራሲው ይህን ክፍል ሲጽፉ የዘማቹን ገበሬ አነጋገር፣ ምክክርና ቁጣ በሩቁ ከሰማ ሰው ይልቅ አብሮ ስንቅ ከበላ፣ አብሮ ከተራበ ሰው ጆሮ የቀዱት ይመስላል። ሚኒስትሩ በቢሮአቸው ሊያስፈጽሙት ያልቻሉትን ፍርድ ደራሲው በወረቀት ላይ ፈጽመውታል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ስለ ቋንቋቸው አንድ ነገር ልጨምር፤ በተለይ ለመምህራን ይጠቅማልና። ሐዲስ በዚህ መጽሐፍ የሚጠብቁትን ፊደላት በምልክት ለይተው ለማሳተም ደክመዋል። ብዙ አንባቢ ምልክቱን ሳያስተውል ያልፈዋል። ይሁን እንጂ ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በኢትዮጵያ ሬዲዮ በተረከው ጊዜ፣ ጠበቅና ላላ እያለ የሚሄደው የጎጃም አነጋገር እንዴት ያለ ሙዚቃ እንዳለው በአደባባይ ታየ። ማንበብ የማይችለው ሰው እንኳ በዛብህንና ሰብለን እንደ ጎረቤቱ ልጆች የለመዳቸው ከመጽሐፉ ገጽ ይልቅ ከዚያ ድምፅ ነው።

በ1966 ዓ.ም. ስለ ሀገሪቱ አስተዳደር የሚመክር መጽሐፍ አወጡ። «ወንጀለኛው ዳኛ» በ1974፣ «የልም እዣት» በ1980 ዓ.ም. ተከተሉ። ሁለቱም ከመጀመሪያው ጋር እየተነጻጸሩ ስለሚነበቡ ሳይበደሉ አልቀሩም። «ትዝታ» የታተመው ግን በ1985 ዓ.ም. ነው፤ ደራሲው ሰማንያ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ማለት ነው።

በአሜሪካን አገር አንድ ወጣት ደራሲ ከልብ ወለዱ በፊት ወይም በዚያው ሰሞን የራሱን ሕይወት ጽፎ ማሳተሙ የተለመደ ሆኗል። ሐዲስ ተቃራኒውን መንገድ መረጡ። የሚያውቁትን አስቀድመው ለፈጠሯቸው ሰዎች ሰጡ፤ «እኔ» ብለው የተናገሩት በመጨረሻ ነው። «ትዝታ»ም ስለ ራሳቸው ብዙ የሚያወራ መጽሐፍ አይደለም። ዋና ጉዳዩ የወረራው ዘመን ነው፦ ዘመቻው፣ ሽንፈቱ፣ ምርኮው። ጀግንነትን አይክድም፤ ዝግጅት ማጣትንና የአመራር ድክመትንም አይሸፍንም። የልብ ወለዱን ለምለም አነጋገር ለምዶ የመጣ አንባቢ መጀመሪያ ላይ ደረቅ ሊመስለው ይችላል። እኔ ግን ድርቀቱን እወደዋለሁ፤ ሬሳ በተኛበት ሜዳ ላይ ያጌጠ ቃል አያምርምና። የምቆጭበት ሌላ ነገር ነው። የሚኒስትርነታቸውን ዘመን በዚያው ስፋትና በዚያው ግልጽነት ጽፈው አልተዉልንም። ጦርነቱን በዚያ ዓይን ያዩ ሰው የካቢኔውን ጠረጴዛ እንዴት አይተውት ይሆን?

ሐዲስ ዓለማየሁ በኅዳር ወር 1996 ዓ.ም. በዘጠና አራት ዓመታቸው አረፉ። ልብ ወለዳቸው እስከ ዛሬ በየትምህርት ቤቱ ይነበባል፤ «ትዝታ» ግን በብዛት የሚገኘው በምሁራን እጅ ነው። በመርሳ ወይም በወልዲያ የማይጨውን ዘመቻ የሚያስተምር መምህር የሽሬውን ምዕራፍ አጠገቡ ቢያስቀምጥ፣ ተማሪዎቹ በአንድ ዓመት ውስጥ በሁለት ግንባር የተሸነፈውን አንድ ሠራዊት ጎን ለጎን ያዩታል፤ ከሁለተኛው ግንባር የተመለሰው ምስክርም በዛብህን የፈጠሩት ሰው መሆናቸውን ያውቃሉ።