ባሕርይና ሽርክና፤ በመርካቶ አጠገብ ስለ ሥላሴ

የግዕዝ ሊቃውንት «ባሕርይ» የሚለውን ቃል በሁለት ይፈቱታል፤ አንዱ ነጋዴ የሚሻው ዕንቍ ነው፣ ሁለተኛውም አንድ ነገር እርሱን ሆኖ የሚገኝበት እርሱነቱ ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 13 መልካም ዕንቍ ሲፈልግ የኖረው ነጋዴ በግዕዙ የፈለገው ይህንኑ ባሕርይ ነበር፤ ዐረብኛም በበኩሉ «ጀውሀር» ብሎ የከበረውን ድንጋይና ህላዌን በአንድ ስም ስለሚጠራ፣ የቃሉ ሁለት ፊት የእኛ ብቻ አይደለም። ነገረ መለኮትን ከገበያ መጀመር ለአንዳንዱ አንባቢ ድፍረት ሊመስለው ቢችልም፣ ቃሉ ራሱ ከገበያ ጋር የተዛመደ ስለሆነ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የጣልያን ወረራ ዘመን ለአገሬው ሰው መገበያያ ተብሎ ከተከለለው ከመርካቶ መነሣት የሚያሳፍር አይሆንም።

ከሸማ ተራ እስከ ምን አለሽ ተራ ያለው ሁሉ በክንድ ይለካል፣ በኪሎ ይመዘናል፣ በቁጥር ይሸጣል። ሱቁን ሲከፍት የሚያማትበው ነጋዴ ግን ሦስቱን ስሞች ጠርቶ ሲያበቃ «አሐዱ አምላክ» ብሎ ይዘጋል፤ ገበያው የከዳው ዕለትም «አንድዬ ያውቃል» ይላል እንጂ ሦስት ብሎ አያውቅም። ይህ ሰው ተቈጣጣሪም ሒሳብ ሠራተኛም የማይቀበለውን ሒሳብ በየጧቱ ይሠራል።

ቤተ ክርስቲያን ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር በመጀመሪያው ስታስተምር፣ እግዚአብሔር በስም፣ በአካል፣ በግብር ሦስት፤ በባሕርይ፣ በመለኮት፣ በፈቃድ አንድ ነው ትላለች። የአብ ግብሩ መውለድና ማሥረጽ፣ የወልድ መወለድ፣ የመንፈስ ቅዱስ መሥረጽ ነው። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ግን የእኛ መምህራን በጥልቀት የሄዱበት የህልውና ትምህርት ነው፤ አብ ለራሱም ለወልድም ለመንፈስ ቅዱስም ልብ፣ ወልድ ለሦስቱም ቃል፣ መንፈስ ቅዱስ ለሦስቱም እስትንፋስ ስለሆነ፣ በአብ ልብነት ያስባሉ፣ በወልድ ቃልነት ይናገራሉ፣ በመንፈስ ቅዱስ እስትንፋስነት ሕያዋን ይሆናሉ። አንዱ ከሁለቱ ተለይቶ የሚያስብበት ሌላ ልብ ስለሌለው፣ የአካል ሦስትነት ወደ ሦስት አማልክት የሚወስድ መንገድ እዚህ ላይ ይዘጋል።

የመርካቶ ሰው ምሳሌ ስጥ ቢባል ሽርክናን መጥቀሱ አይቀርም፤ ሦስት ሸሪኮች፣ አንድ ሱቅ፣ አንድ ዋና ገንዘብ። ምሳሌው የሚወድቀው የሸሪክ ድርሻ ተከፍሎ ሊወሰድ ስለሚችል ነው፤ መለኮት ግን ድርሻ የለውም። ከቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ብዙም ሳይርቅ በታላቁ አንዋር መስጊድ የሚሰግደው ጎረቤትም በአላህ ላይ ሌላን ማጋራትን «ሽርክ» ብሎ ሲያወግዝ፣ ቃሉ ከሽርክናችን ሥር የወጣ ነው። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በሥላሴ ነገር እንደማይስማሙ የታወቀ ነው፤ ሆኖም ክርስቲያኑ መምህርም የሽርክናውን ምሳሌ አይቀበልም። አርዮስን በ325 (እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር) በኒቅያ ያወገዙት 318ቱ አባቶች የተከላከሉት መለኮትን ከመከፈልና ወልድን ከፍጡር ተራ ከመቈጠር ነበር፤ ሰብልዮስ ደግሞ ሦስቱን አካላት ወደ አንድ በማጠቃለሉ በተቃራኒው ገደል ወድቋል። ስለዚህም የእኛ ሊቃውንት ፀሐይን ከነክበቡ፣ ከነብርሃኑ፣ ከነሙቀቱ ምሳሌ አድርገው ሲያቀርቡ፣ «ምሳሌ ዘየሐጽጽ»፣ ምሳሌ ይጐድላል፣ የሚለውን ማስጠንቀቂያ አይረሱም፤ ሙቀት አካል አይደለምና።

የቀረው የመልክ ነገር ነው። ቅዳሴ ማርያም መለኮትን ከወሰንና ከመጠን ሁሉ ያወጣዋል፤ ራጉኤልን ከቅዱሳን መላእክት የሚቈጥረው መጽሐፈ ሄኖክ ግን እግዚአብሔርን «ርእሰ መዋዕል» ብሎ ራሱን እንደ ነጭ ሱፍ አድርጎ ያሳየናል። ሁለቱን እንዴት እናስማማቸው? ከ1434 እስከ 1468 (እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር) የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘሚካኤላውያን ከተባሉት ጋር ሲከራከሩ የጠየቁት ይህንኑ ነበር፤ እነዚያ የእግዚአብሔር መልክ አይታወቅም ሲሉ፣ ንጉሡ ሰው በአምላኩ መልክ ተፈጥሯል የሚለውን የኦሪት ቃል ይዘው ቆሙ። ክርክሩ በሥልጣን ጭምር መካሄዱ ያሳዝናል፤ ጥያቄው ግን እስከ ዛሬ ጥልቅ ነው።

የሀገራችን ሠዓልያን የሰጡትን መልስ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ከሚሸጠው የሥላሴ ሥዕል ማየት ይቻላል፤ ሦስት ሽበታም ሽማግሌዎች፣ በዙሪያቸውም አርባዕቱ እንስሳ። ሦስቱም በአንድ ፊት፣ በአንድ ጢም፣ በአንድ ዐይን ተሥለዋል። ገዢው ከመልካቸው ተነሥቶ አብ የትኛው ነው ብሎ ቢጠይቅ ሻጩ መልስ የለውም፤ ሠዓሊውም እንዲኖረው አልፈለገም።