የጋይንት ቤተልሔም፤ ክብ ክዳን ለብሳ የኖረች ማዕዘናዊት ቤተ ክርስቲያን

ቤተልሔም ማለት የእንጀራ ቤት ማለት ነው። በኢትዮጵያ ይህ ስም ለሦስት ነገር ይነገራል። ፊተኛይቱ መድኃኔ ዓለም የተወለደባት የይሁዳ ከተማ ናት። ሁለተኛይቱ በየደብሩ ቅጽር ውስጥ የመሥዋዕቱ ኅብስት የሚዘጋጅባት ትንሽ ቤት ናት። ሦስተኛይቱ በጋይንት ምድር የምትገኘው ደብር ናት፤ የድጓ ተማሪ ትምህርቱን ጨርሶ መምህር ለመባል ሲያስብ አቅንቶ የሚሄደው ወደዚች ነው። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ከደጅ ደጅ ቁራሽ እየለመነ የተማረ ሰው ምስክርነቱን የሚቀበልባት ስፍራ የእንጀራ ቤት መባሏ፣ ቅኔ ለሚያውቅ ሰው ሰምና ወርቁ ሳይደከምበት የተገኘ ነው።

ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ከጉና ተራራ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆዎች የሚወርድ አገር ነው። ደጋው ብርዳም፣ ቆላው ገደላም በመሆኑ መንገደኛን ያደክማል፤ ጉባኤ ቤት ግን አላጣም። ዝማሬና መዋሥዕት የሚመሰከርበት ዙር አባም በዚሁ በጋይንት ነው። ስለዚህ የያሬድን ዜማ ከነሥርዓቱ ለማጠናቀቅ የሚሻ ሰው ሁለቱን ታላላቅ ማስመስከሪያዎች በአንድ አውራጃ ያገኛል። በዜማም ቤተልሔም፣ ቆማ፣ አጫብርና ተጉለት እየተባለ ስልቱ ይለያያል፤ ከእነዚህ ይልቅ በብዙ አድባራት የተስፋፋው የቤተልሔም ነው።

የዜማው ሀብት በአንደበት ብቻ የኖረ አይደለም። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ ማለት ከ1540 እስከ 1559 ባለው ጊዜ (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉት ሊቃውንት በተድባበ ማርያም ተቀምጠው ለድጓው ምልክት እንደሠሩለት ይነገራል። ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ሂደት፣ ቁርጥ የሚባሉት ከቃሉ በላይ በቀጭን ብርዕ ይጻፋሉ፤ ድምፁ የት እንደሚነሣ፣ የት እንደሚወድቅ፣ የት እንደሚቆረጥ ያሳያሉ። ቢሆንም ምልክቱን ማየት ብቻ ዜማ አያሳውቅም። መምህሩ ፊት ቀርቦ ማዜም፣ መሳሳት፣ መታረም፣ እንደገና ማዜም ያስፈልጋል።

የቤተልሔም ስም በዚህ ትምህርት እጅግ ስለ ገነነ፣ ሕንፃዋ በሌላው ዓለም ሳይነገርላት ቆይታለች። ወደ ደብሩ የደረሰ ሰው አስቀድሞ የሚያየው በበጌምድርና በጎጃም የለመደውን ክብ የሣር ክዳን ነበር። በክብ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ከውጭ ቅኔ ማኅሌት፣ ቀጥሎ ቅድስት፣ በመካከል ደግሞ አራት ማዕዘን የሆነ መቅደስ አለ። እንግዲህ በክቡ ጣሪያ ሥር ማዕዘን ያለው ግንብ ያየ እንግዳ፣ መቅደሱን አየሁ ብሎ ያልፋል እንጂ አይደነቅም። በቤተልሔም ግን በመካከል የቆመው ማዕዘናዊ ግንብ መቅደስ ብቻ አይደለም። ራሱን የቻለ፣ ሙሉ የሆነ፣ በአክሱም ልማድ የታነጸ የጥንት ቤተ ክርስቲያን ነው። ክቡ ክዳን በኋላ ዘመን የተደረበለት ልብሱ ነው።

ይህን ለውጭ አገር ሊቃውንት ያሳወቀው ቶማስ ፓከንሃም የሚባል እንግሊዛዊ ነው። በ1955 ትምህርቱን በኦክስፎርድ እንደ ጨረሰ ወደ ኢትዮጵያ መጣ፤ የነገሥታት ልጆች የሚታሰሩባቸውን አምባዎች ሲፈልግ ወደ ጋይንት ደረሰ፤ በ1959ም የጉዞውን ታሪክ በመጽሐፍ አወጣ። ከዚያ ወዲህ በፈረንጆች መጻሕፍት ቤተልሔም በዚያ ሰው «ተገኘች» ይባላል። ቃሉ ለእነርሱ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ጣሪያ ሥር ማኅሌት ሲቆሙ ለኖሩት ደብተሮች ግን አንድ ቀንም ጠፍታ አታውቅም።

የአክሱም ልማድ የተባለው ምን እንደሆነ ማስረዳት ይገባል። የጥንት ግንበኞች ድንጋዩን ብቻ አይክቡም ነበር። በድንጋዩ መካከል እንጨት አጋድመው ያስገባሉ፤ ይህንንም የሚያስሩ አጫጭር ግንዶች ግድግዳውን አቋርጠው ጫፋቸው ወደ ውጭ ይወጣል። ይህ ጫፍ የዝንጀሮ ራስ ይባላል። የበርና የመስኮት መቃኖችም በአራቱ ማዕዘን እንዲሁ ይታሰራሉ። በደብረ ዳሞ ይኸው አሠራር ከተቀረጸው የእንጨት ጣሪያ ጋር ይታያል፤ በዋሻ ውስጥ በቆመችው በይምርሐነ ክርስቶስም እንጨቱና በኖራ የተለሰነው ድንጋይ እየተፈራረቁ ጥቁርና ነጭ ሆነው ይታያሉ። በአክሱም ሐውልቶች ላይ ያለው ክብ ክብ ቅርጽ የዚህ የእንጨት ጫፍ ምስል ነው፤ ወደ ሮም በ1937 ተወስዶ በ2005 የተመለሰው 24 ሜትር ያህል ሐውልትም ይህንኑ ይዟል። በላሊበላ የቤተ አማኑኤል ጠራቢዎች ደግሞ አንዲት እንጨት ሳያስገቡ፣ ወጡን አለት እንጨት ያለበት ግንብ አስመስለው ቀርጸውታል። ድንጋይ እንጨትን የሚያስመስለው፣ የእንጨቱ ሥራ አስቀድሞ የከበረ ሆኖ ቢገኝ ነው።

እንዲህ ካለው ሕንፃ ብዙው ጠፍቷል። ዐፄ ናዖድ ጀምሮት ዐፄ ልብነ ድንግል የፈጸመው መካነ ሥላሴ፣ በወርቅና በብር ያጌጠ ሆኖ ሳለ በ1531 በኢማም አሕመድ ጭፍሮች እጅ ተቃጠለ። ጥፋት ግን ከጠላት ብቻ አይመጣም። የአስመራው የማርያም ቤተ ክርስቲያን ከዚህ ዓይነት አሠራር አንዱ ነበር፤ በ1906 የጀርመን ሊቃውንት ሥዕሉንና ልኩን አንሥተውለት ነበር፤ በኋላ ግን ፈርሶ በስፍራው ሌላ ተሠራ። ዛሬ አሮጌውን የምናውቀው በእነዚያ ሊቃውንት ወረቀት ነው። ደብረ ዳሞ ተጎድቶ ሳለ በ1948 በጥንቃቄ ታደሰ።

በአሮጌ ሕንፃ ላይ አዲስ ማልበስ የኢትዮጵያ ብቻ ልማድ አይደለም። በእንግሊዝ አገር የዊንቸስተር ካቴድራል በ1079 በኖርማኖች ዘመን ተጀመረ። ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ፣ በ1394 ገደማ፣ ዊልያም ዘዊክሃም የተባለው ኤጲስ ቆጶስ ሕዝቡ የሚቆምበትን ረጅሙን ክፍል በዘመኑ ጠባይ ሊለውጠው ወደደ። የግንበኞቹ አለቃ ዊልያም ዊንፎርድም ግዙፎቹን የጥንት ዓምዶች አላፈረሰም፤ አንዳንዱን እንደገና አስጠረበው፣ አንዳንዱን በአዲስ ድንጋይ አለበሰው። ዛሬ ወደዚያ የሚገባ ሰው ቀጫጭን ሆነው ወደ ላይ የሚመዘዙ ዓምዶችን ያያል፤ በውስጣቸው የኖርማኖቹ ድንጋይ እንደ ተሸከመ ነው። በጋይንት ግን ልብሱ ከገላው ጋር አልተሰፋም፤ ክዳኑ ራሱን ችሎ ከላይ ስለ ቆመ አሮጌው ግንብ አልተነካም።

ለምን ክብ ክዳን እንደ ተደረበላት ሲታሰብ ሁለት ምክንያት ይቀርባል። አንደኛው የክብ ቤተ ክርስቲያን ልማድ በአገሩ እየበረታ መምጣቱ ነው። ሁለተኛው፣ ይህም የሚበልጠው ይመስላል፣ የማኅሌቱ ነገር ነው። የጥንቱ ማዕዘናዊ ቤት ለቅዳሴ ይበቃል፤ የድጓ ሊቃውንትና ተማሪዎቻቸው በግራና በቀኝ ተሰልፈው፣ መቋሚያና ጸናጽል ይዘው ሌሊቱን ሙሉ ለሚቆሙበት ማኅሌት ግን ይጠባል። ከግንቡ ውጭ፣ ከክዳኑ ሥር ያለው ዙሪያ ይህን ስፍራ ይሰጣል።

የሣር ክዳን ግን ዕድሜው አጭር ነው። ክረምት ያበሰብሰዋል፣ ምስጥ ይበላዋል፣ ነፋስ ይገልጠዋል። ውኃ አንድ ጊዜ ከግንቡ ከደረሰ ድንጋዩ ቢችለው እንኳ መቃኑና ተሸካሚው እንጨት አይችለውም። ስለዚህ ያ አሮጌ ግንብ ፓከንሃም እስኪያየው ድረስ የደረሰው አንድ ብርቱ አናጢ አንድ ጊዜ በሠራው ሥራ አይደለም። ገበሬው ሣሩን እያጨደ ሲሸከም፣ ካህናቱ አሮጌውን እያወረዱ አዲሱን ሲያስከድኑ፣ ተማሪው ከቀለም በፊት ጭቃ ሲያቦካ ነው። ከክዳኑ ሥር ደግሞ መምህሩ የተሳሳተውን ተማሪ አስቁሞ፣ ቅናቱን ወደ ላይ፣ ድፋቱን ወደ ታች እያለ ያንኑ ቃል እንደገና ያስጀምረው ነበር።