የሞተር ጀልባን ለክረምት ማሳረፍ (ጣና ሐይቅ)

የሞተር ጀልባን ለክረምት ማሳረፍ ማለት ሞተሩ በአካሉ ውስጥ የተተከለ ጀልባ በዝናብ ወራት ከሥራ ሲወጣ ሞተሩን፣ ነዳጁን፣ ባትሪውንና አካሉን ከጉዳት ለመጠበቅ የሚደረግ ዝግጅት ነው። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የዝግጅቱ ዋና ዓላማ ውርጭን መከላከል ነው። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ 9 በመቶ ያህል ስለሚጨምር በሞተር ውስጥ የቀረ ውሃ ብረቱን ይሰነጥቃል። በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ እንዲህ ያለ ብርድ የለም። እዚህ ያረፈ ጀልባን የሚጎዱት እርጥበት፣ ደለል፣ የዝናብ ውሃና የሐይቁ መሙላት ናቸው።

ወቅቱና ሐይቁ

ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሸፍን የኢትዮጵያ ትልቁ ሐይቅ ሲሆን ከባሕር ጠለል በላይ 1,786 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ጥልቀቱ ግን ከ15 ሜትር አይበልጥም። የባሕር ዳር ዝናብ በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል፤ ሐምሌና ነሐሴ እጅግ የሚከብድባቸው ወራት ናቸው። ወደ ዘጌ፣ ክብራን ገብርኤልና ደቅ ጎብኚ የሚያመላልሱ ጀልባዎች ሥራቸው የሚቀዘቅዘው በዚሁ ጊዜ ነው። የደሴት ነዋሪዎች ጉዞ ግን ክረምትም ስለማይቋረጥ ሁሉም ጀልባ አያርፍም።

የሐይቁ ወለል በሰኔ አካባቢ ዝቅ ብሎ በመስከረም መጨረሻ ከፍ ይላል፤ ልዩነቱ ከአንድ ሜትር በላይ ነው። በ1988 ዓ.ም. በአባይ መውጫ ላይ የጨራጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ ከተጠናቀቀ ወዲህ የውሃው ከፍታ በሰው ውሳኔም ይለዋወጣል። በ1995 ዓ.ም. ወለሉ ከ1,785 ሜትር በታች በመውረዱ የትላልቅ ጀልባዎች ጉዞ ለወራት ተቋርጦ ነበር። ስለዚህ በሰኔ የሚሳብ ጀልባ የሚያርፍበት ቦታ የሚመረጠው የዕለቱን ውሃ በማየት ሳይሆን ያለፉት ዓመታት የመስከረም ውሃ የደረሰበትን ምልክት በመከተል ነው። ለጥ ባለ ዳርቻ ላይ ጥቂት ከፍታ የጨመረ ውሃ ብዙ ርቀት ወደ ውስጥ ይገባል።

ሞተር

ሥራ ላይ የዋለ ዘይት ከቃጠሎው የመጣ ውሃና አሲድ ስለሚይዝ ሳይቀየር ከከረመ የሞተሩን ውስጥ ይበላል። ስለዚህ ሞተሩ ጥቂት ሠርቶ ሲሞቅ ዘይቱ ይፈስሳል፤ ፊልትሮው ይለወጣል፤ አዲስ ዘይት ከተሞላ በኋላም ዘይቱ ሁሉን እንዲያዳርስ ሞተሩ ለአጭር ጊዜ ይነሳል። የካምቢዮው ዘይትም ይታያል፤ ወተት መስሎ ከተገኘ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው።

ከሐይቁ ውሃ እየሳበ የሚቀዘቅዝ ሞተር ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ በክረምት ብዙ ደለል ወደ ሐይቁ ያስገባሉ። ደለሉ በማቀዝቀዣው ቧንቧ ውስጥ ከደረቀ መስመሩን ይዘጋል። ስለዚህ መስመሩ በንጹሕ ውሃ ታጥቦ ሙሉ በሙሉ ይፈስሳል፤ ማጣሪያው ከአረም ይጸዳል፤ የፓምፑም ባለ ክንፍ ጎማ በአንድ ቦታ ተጣጥፎ እንዳይቀር ይወጣል። በራዲያተር ፈሳሽ የሚቀዘቅዝ ሞተር ፈሳሹን እንደያዘ ይከርማል፤ ፈሳሹ ውርጭ በሌለበት አገርም ዝገት ይከላከላልና ተራ ውሃ አይተካውም። የቤንዚን ሞተር ከሆነ ካንዴላዎቹ ተፈትተው በየሲሊንደሩ ጥቂት ዘይት ይጨመራል። የአየር መሳቢያውና የጭስ ማውጫው እርጥበት እንዳያስገቡ ይሸፈናሉ።

ነዳጅና ባትሪ

የናፍጣ ማጠራቀሚያ ሞልቶ እንዲከርም ይደረጋል። ባዶው ክፍል ውስጥ ያለው እርጥብ አየር ሌሊት ሲቀዘቅዝ ወደ ውሃ ይለወጣል፤ ውሃውና ናፍጣው በሚገናኙበት ቦታም ባክቴሪያና ሻጋታ ፈልተው ፊልትሮ ይደፍናሉ። የውሃ መለያው ፊልትሮ ጀልባው ሲያርፍም ሥራ ሲጀምርም ይፈስሳል። ቤንዚን ግን በወራት ውስጥ ስለሚበላሽ ከካርቡራተሩ መውጣት አለበት።

ባትሪው ሙሉ በሙሉ ቻርጅ ተደርጎ ይነሳና ደረቅ ቦታ ይቀመጣል። ያረፈ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሙሉ ሲሆን 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል፤ ከ12.4 በታች ሲወርድ እንደገና ቻርጅ ይደረጋል።

የጀልባው አካል

ጀልባው ከወጣ በኋላ አልጌው ሳይደርቅ ይፋቃል። ፕሮፔለሩና ዘንጉ ይመረመራሉ፤ በዘንጉ ላይ የተጠመጠመ የመረብ ክር ይቆረጣል። አካሉን ከዝገት የሚጠብቀው አኖድ ከዚንክ ይልቅ ለጨው አልባ ውሃ የሚስማማው ማግኒዚየም ይሆናል። አፍንጫው ከፍ ብሎ በእንጨት ድጋፍ ላይ ይቀመጣል፤ የዝናብ ውሃ እንዲወጣ የታችኛው መፍሰሻ ይከፈታል። ሸራው ውሃ እንዳያቁር ዘንበል ብሎ ይወጠራል፤ አየር የሚዘዋወርበት ክፍተትም ይተውለታል፤ ታፍኖ የከረመ ጀልባ ይሻግታል። የጣና ዓሣ አስጋሪዎችም የደንገል ታንኳቸውን ከውሃ አውጥተው የሚያደርቁት ዕድሜውን ለማራዘም ነው።

ውሃ ላይ የሚቆይ ጀልባ በዝናብ ብቻ ሊሰምጥ ይችላል። የውሃ ማስገቢያዎቹ ይዘጋሉ፤ ባትሪው ግን የውሃ ማውጫ ፓምፑን እንዲያንቀሳቅስ በቦታው ይቆያል፤ ገመዱም ሐይቁ ከፍ ሲል እንዳይወጠር ረዘም ይደረጋል። ከእያንዳንዱ ከባድ ዝናብ በኋላ መጎብኘት ግዴታ ነው።

ሐይቁን መጠበቅ

ጣና ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ክልል ነው። የተቃጠለ ዘይትና ናፍጣ በዕቃ ተጠራቅሞ ይወገዳል እንጂ ዳርቻው ላይ አይደፋም። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሐይቁ ሰሜናዊ ክፍል የተስፋፋው እንቦጭ ከቁራጩ እንደገና ስለሚያቆጠቁጥ፣ ከፕሮፔለርና ከማጣሪያ የወጣ አረም ከውሃው ርቆ መድረቅ አለበት።