ስማቸውን ሸሽገው የጻፉት መምህርት

ዓባይ ከአገራችን ወርዶ ካርቱም በሚደርስበት ዳርቻ ጀሪፍ የሚባል ሠፈር አለ፤ ጡብ ሲተኰስበት የኖረ፥ ከጊዜ በኋላም ብዙ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች የተጠጉበት ነው። በዚያ ከኖሩት ወገኖቻችን መካከል የወይዘሮ ፋጢማ አሕመድ ኢብራሂምን ታሪክ የሚያውቅ ግን ጥቂት ይመስለኛል። ነገሩ መምህራንን የሚመለከት ስለ ሆነ እነሆ እጽፈዋለሁ፤ ዓመታቱ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ወይዘሮ ፋጢማ በኦምዱርማን የልጃገረዶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲማሩ «አልራኢዳ» የተሰኘች የግድግዳ ጋዜጣ ያዘጋጁ ነበር። ለከተማው ጋዜጦችም ይጽፉ ነበር፤ ዳሩ ግን ልጃገረድ ስሟን በአደባባይ ማውጣቷ እንደ ነውር የሚቈጠርበት ዘመን ስለ ነበረ፥ በጽሑፉ ግርጌ የሚቀመጠው የብዕር ስም ነበር። የትምህርት ቤቱ አስተዳደር የሳይንስን ትምህርት አስቀርቶ በቤት አያያዝ ትምህርት ሊተካው በወሰነ ጊዜ፥ ተማሪዎቹ በእርሳቸው መሪነት አድመው ውሳኔውን አስለወጡ። ያ አስተዳደር ለልጆቹ በጎ ያደረገ መስሎት እንደ ነበረ አልጠራጠርም፤ እኛን የትምህርት ሰዎች ሊያስፈራን የሚገባው ይኸው ነው።

የዩኒቨርሲቲውን መግቢያ ፈተና አለፉ። አባታቸው ግን፥ ራሳቸው መምህር ሆነው ሳሉ፥ አልፈቀዱም። ስለዚህ ልጅቱ አስተማሪ ሆኑ።

በ1952 የሱዳን ሴቶች ኅብረትን ከመሠረቱት አንዷ ነበሩ። በ1955 ደግሞ «የሴት ድምፅ» የሚል ትርጓሜ ያለው «ሳውት አልመርአ» የተባለ መጽሔት ዋና አዘጋጅ ሆኑ። ትናንት ስሟን ሸሽጋ ለአዘጋጅ የምትልክ ልጅ፥ ዛሬ የሌሎችን ሴቶች ጽሑፍ ተቀባይ ሆነች ማለት ነው። መጽሔቱም በ1958 ሥልጣን የያዘውን የጄኔራል ዓቡድን ወታደራዊ መንግሥት ተቃወመ። ያ መንግሥት በጥቅምት 1964 በሕዝብ ዐመፅ ወደቀ፤ ሴቶችም ሙሉ የመምረጥና የመመረጥ መብት አገኙ። ወይዘሮ ፋጢማ በ1965 በሱዳን ፓርላማ የመጀመሪያዪቱ ሴት ሆነው ገቡ። በእኛ አገር ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በ1957 ቀድመዋቸዋል፤ እርሳቸውም የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዲሬክትሪስ የነበሩ መሆናቸውን እግረ መንገዴን ላስታውስ።

ከዚያ በኋላ ያለው መራራ ነው። በ1971 የኒሜሪ መንግሥት ባላቸውን አል ሻፊእ አሕመድ አል ሼክን ሰቀለ። እርሳቸው በ1990 ተሰደዱ፤ በ2005 ወደ ፓርላማ ተመለሱ፤ በ2017 በለንደን ዐረፉ። የታገሉለት የእኩል ደመወዝ ሕግ ግን በ1968 ጸድቆ ስለ ነበረ፥ የሱዳን ሴት መምህር ከወንድ ባልደረባዋ ጋር እኩል ደመወዝ እንዲከፈላት በሕግ ተደነገገ።