ፌስፓኮ፡ አዘጋጇ ሀገር ለ28 ዓመታት ዋናውን ሽልማት ያላገኘችበት የአፍሪካ የፊልም ውድድር

በቡርኪና ፋሶ ርዕሰ ከተማ ዋጋዱጉ በየሁለት ዓመቱ የሚካሄደው የፓን አፍሪካ የሲኒማና የቴሌቪዥን ፌስቲቫል በፈረንሳይኛ ምኅፃረ ቃሉ ፌስፓኮ በመባል ይታወቃል። በአህጉሪቱ ከሚካሄዱት የፊልም ውድድሮች በስፋትም ሆነ በዝና ቀዳሚ ስፍራ ከሚሰጣቸው አንዱ ሲሆን፣ ከተመሠረተበት ከ1969 እስከ 2025 ድረስ ለ29 ጊዜ ተካሂዷል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፌስቲቫሉ የመንግሥት ተቋም ነው። የሚተዳደረው በአዘጋጇ ሀገር መንግሥት ሲሆን፣ ከበጀቱም ከፍተኛውን ድርሻ ከሚሸፍኑት ወገኖች አንዱ ይኸው መንግሥት ነው። ይሁን እንጂ የቡርኪና ፋሶ ፊልም ከ1997 በኋላ ዋናውን ሽልማት ለማግኘት እስከ 2025 ድረስ 28 ዓመታት መጠበቅ ነበረበት። በመካከሉ በተካሄዱት 13 ውድድሮች የመጀመሪያው ደረጃ ሽልማት ወደ ሌሎች ሀገሮች ሄዷል። አንድ መንግሥት በራሱ ገንዘብና በራሱ ከተማ የሚያዘጋጀው ውድድር በአህጉሪቱ ተቀባይነት ሊያገኝ የቻለበትን ምክንያት ለመረዳት ይህን ታሪክ መመልከት ይጠቅማል።

አመሠራረት

ፌስቲቫሉ የተጀመረው ሀገሪቱ ላይኛው ቮልታ ተብላ ትጠራ በነበረበት ዘመን፣ በየካቲት ወር 1969 ነው። ሐሳቡን ያፈለቁት ጥቂት የፊልም አፍቃሪዎች ሲሆኑ፣ የመጀመሪያውን አዘጋጅ ኮሚቴ በሊቀመንበርነት የመሩት ወይዘሮ አሊማታ ሳላምቤሬ ነበሩ። በዚያን ጊዜ በምዕራብ አፍሪካ ሲኒማ ቤቶች ይታዩ የነበሩት ፊልሞች በአብዛኛው ከአውሮፓ፣ ከአሜሪካና ከህንድ የሚመጡ ነበሩ። አፍሪካውያን የሠሯቸው ፊልሞች በፓሪስ ወይም በሌሎች የአውሮፓ ከተሞች ይታዩ እንጂ ለራሳቸው ሕዝብ የሚቀርቡበት መድረክ አልነበራቸውም። በመጀመሪያው ዝግጅት ላይኛው ቮልታን ጨምሮ አምስት የአፍሪካ ሀገሮች ተካፋዮች ሆነዋል፤ እነዚህም ሴኔጋል፣ ኒጀር፣ ኮትዲቯርና ካሜሩን ናቸው።

መንግሥት በ1970 ሲኒማ ቤቶችን ከውጭ ኩባንያዎች ወስዶ ወደ ሀገር ይዞታ አዛወረ። በጥር ወር 1972 ደግሞ ፌስቲቫሉ በድንጋጌ ሕጋዊ ተቋም ሆኖ የአሁኑን ስያሜ አገኘ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዝግጅቶች ፊልሞች የሚታዩባቸው ብቻ ነበሩ። ውድድር የተጀመረው በዚሁ በ1972 ሲሆን፣ የመጀመሪያውን ዋና ሽልማት የወሰዱት የኒጀሩ ኡማሩ ጋንዳ ናቸው። ቀጣዮቹ ዝግጅቶች በ1973፣ በ1976 እና በ1979 የተካሄዱ ሲሆን፣ ከ1979 ወዲህ በየሁለት ዓመቱ እንዲካሄድ ተወስኗል።

የተቋሙ ጥንካሬ የተፈተነው ሀገሪቱ ባሳለፈቻቸው የፖለቲካ ለውጦች ነው። በ1980፣ በ1982፣ በ1983 እና በ1987 መፈንቅለ መንግሥታት ተካሂደዋል። በ2014 በሕዝብ ተቃውሞ የመንግሥት ለውጥ የተደረገ ሲሆን፣ በ2022 ብቻ ሁለት ጊዜ ሥልጣን በወታደራዊ ኃይል ከእጅ ወደ እጅ ተላልፏል። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ፌስቲቫሉ አልተቋረጠም። በየካቲት 2021 ሊካሄድ ታቅዶ የነበረው ዝግጅት በኮሮና ቫይረስ ወረርሽኝ ምክንያት ለጥቅምት ወር ቢተላለፍም በዚያው ዓመት ተከናውኗል።

የሽልማቱ ስያሜ

የፌስቲቫሉ ዋና ሽልማት «የየኔንጋ ድንጉላ ፈረስ» ይባላል። በሞሲ ሕዝብ አፈ ታሪክ መሠረት የኔንጋ የዳጎምባ ንጉሥ ልጅ ስትሆን የታወቀች ፈረሰኛና ተዋጊ ነበረች። አባቷ ከጦሩ እንዳትለይ በመፈለግ ባል እንዳታገባ ስለከለከሏት በፈረሷ ተሳፍራ ወደ ሰሜን ሸሸች። በዚያም ሪያሌ ከተባለ የዝሆን አዳኝ ወንድ ልጅ ወለደች። ላደረሳት ፈረስ ውለታ ስትልም ልጁን ዌድራኦጎ፣ ማለትም ድንጉላ ፈረስ ብላ ሰየመችው። የሞሲ መንግሥታት መሥራች ይኸው ልጅ እንደሆነ ይተረካል። ለአሸናፊው የሚሰጠው ሐውልትም ጦር ይዛ በፈረስ ላይ የተቀመጠችውን ልዕልት የሚያሳይ ነው።

በረጅም ልብ ወለድ ፊልም ዘርፍ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ለሚወጡት የወርቅ፣ የብርና የነሐስ ሽልማቶች ይሰጣሉ። በ2021 ከወርቁ ሽልማት ጋር የተሰጠው ገንዘብ 20 ሚሊዮን የሴኤፍኤ ፍራንክ ሲሆን፣ ይህም ወደ 30 ሺህ 500 ዩሮ ይጠጋል። ከዚህም ሌላ ለምርጥ የመጀመሪያ ሥራ በኡማሩ ጋንዳ፣ ከአፍሪካ ውጭ በሚኖሩ ጥቁር ሕዝቦች ለሚሠሩ ፊልሞች ደግሞ በፖል ሮብሰን ስም የተሰየሙ ሽልማቶች ተሰጥተዋል።

ምርጫና ዳኝነት

የውድድሩ ሥራ በሁለት የተለያዩ አካላት የሚከናወን ነው። በመጀመሪያ ከመላው አህጉሪቱ የሚላኩትን ፊልሞች መራጭ ኮሚቴ ተመልክቶ ለውድድር የሚቀርቡትን ይለያል። በቅርብ ዓመታት በረጅም ልብ ወለድ ዘርፍ ለውድድር የሚቀርቡት ፊልሞች ከ20 አይበልጡም። ቀጥሎ ከተለያዩ ሀገሮች የተውጣጡ ዳኞች ፌስቲቫሉ በሚካሄድበት ሳምንት ፊልሞቹን ተመልክተው በዝግ ስብሰባ ይመክራሉ። ውሳኔያቸውም በመዝጊያው ሥነ ሥርዓት ይገለጻል። ዘጋቢ ፊልሞች፣ አጫጭር ፊልሞች፣ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማዎች፣ አኒሜሽንና የፊልም ትምህርት ቤት ተማሪዎች ሥራዎች በየራሳቸው ዘርፍ ይዳኛሉ።

የዳኞች ሰብሳቢነት ለአዘጋጇ ሀገር ዜጋ የተለየ መብት ሆኖ አልተያዘም። በ2013 የረጅም ፊልም ዳኞችን የመሩት የማርቲኒኳ ተወላጅ ዩዛን ፓልሲ ሲሆኑ፣ በዚያ ዓመት የሁሉም ዘርፎች ዳኞች በሴቶች ሰብሳቢነት ሠርተዋል። በ2021 ኃላፊነቱ ለሞሪታንያው አብዱራህማን ሲሳኮ ተሰጥቷል። ለ2025 ደግሞ የማሊው ሱሌይማን ሲሴ ተሰይመው ነበር። የአዘጋጇ ሀገር ፊልሞች በዋናው ውድድር እንደማንኛውም ተወዳዳሪ ይቀርባሉ፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ለእነርሱ ብቻ የተለየ ዘርፍ ተከፍቷል።

የ13ቱ ውድድሮች ውጤት

የቡርኪና ፋሶው ጋስቶን ካቦሬ በ1997 «ቡድ ያም» በተባለው ፊልማቸው ካሸነፉ በኋላ፣ በ1999 የዴሞክራቲክ ኮንጎው ምዌዜ ንጋንጉራ፣ በ2001 የሞሮኮው ናቢል አዩሽ፣ በ2003 የሞሪታንያው ሲሳኮ፣ በ2005 የደቡብ አፍሪካው ዞላ ማሴኮ፣ በ2007 ደግሞ የናይጄሪያው ኒውተን አዱዋካ አሸንፈዋል። በ2009 ሽልማቱ ወደ ኢትዮጵያ መጣ። በ2011 የሞሮኮው ሙሐመድ ሙፍታኪር፣ በ2013 እና በ2017 የሴኔጋሉ አላን ጎሚስ፣ በ2015 የናቢል አዩሽ ወንድም ሂሻም አዩሽ ባለድል ሆነዋል። በ2019 የሩዋንዳው ጆኤል ካሬኬዚ፣ በ2021 የሶማሊያው ካድር አይደሩስ አህመድ፣ በ2023 የቱኒዚያው ዩሱፍ ሸቢ ሽልማቱን ወስደዋል።

በ2023 የቡርኪና ፋሶዋ አፖሊን ትራኦሬ «ሲራ» በተሰኘው ፊልማቸው የብር ሽልማት አግኝተዋል። ፊልሙ ሀገሪቱን ከ2015 ወዲህ ያስጨነቀውን የታጣቂዎች ጥቃት የሚመለከት በመሆኑ ለአዘጋጇ ሀገር ሕዝብ ልብ የቀረበ ነበር። ይሁንና ዳኞቹ አንደኛ ያደረጉት የቱኒዚያውን «አሽካል» ነው።

የኢትዮጵያ ተሳትፎ

ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የወርቅ ሽልማት ያስገኘው የፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ነው። ፊልሙ ጀርመን ሀገር የተማረና በደርግ ዘመን ወደ ሀገሩ የተመለሰ አንበርብር የተባለ ምሁር የደረሰበትን መከራና በመጨረሻም ወደ ትውልድ መንደሩ መመለሱን ይተርካል። ሥራው ተጀምሮ እስኪጠናቀቅ ከአሥር ዓመታት በላይ ፈጅቷል። በ2009 በዋጋዱጉ ውድድር የብር ሽልማቱን የደቡብ አፍሪካው ጆን ካኒ፣ የነሐሱን ደግሞ የአልጄሪያው ልየስ ሳሌም ወስደዋል።

«ጤዛ» ወደ ዋጋዱጉ ከመድረሱ በፊት በ2008 በቬኒስ ፌስቲቫል ጀርመናዊው ቪም ቬንደርስ የመሯቸው ዳኞች ልዩ የዳኞች ሽልማትና የምርጥ የፊልም ጽሑፍ ሽልማት ሰጥተውታል። በዚያው ዓመት በቱኒዚያ የካርቴጅ ፌስቲቫል የወርቅ ታኒት አግኝቷል። በሦስት ከተሞች የተሰየሙ የተለያዩ ዳኞች ለአንድ ፊልም ተቀራራቢ ፍርድ መስጠታቸው የዋጋዱጉው ውሳኔ በሥራው ብቃት ላይ የተመሠረተ ለመሆኑ ጥሩ ማስረጃ ነው።

ከ«ጤዛ» በኋላ ሌሎች የምሥራቅ አፍሪካ ፊልሞችም ለድል በቅተዋል። የ2019ኙ አሸናፊ በሁለተኛው የኮንጎ ጦርነት ወቅት በጫካ ውስጥ ስለጠፉ ሁለት የሩዋንዳ ወታደሮች የሚተርክ ነው። የ2021ዱ አሸናፊ ደግሞ በጅቡቲ የተቀረጸና በሶማልኛ የሚነገር ሲሆን፣ የታመመች ሚስቱን ማሳከሚያ ገንዘብ ስለሚፈልግ መቃብር ቆፋሪ የሚያሳይ ነው።

የሚነሡ ቅሬታዎች

ፌስቲቫሉ ከትችት ነፃ ሆኖ አያውቅም። ለብዙ ዓመታት ለወርቁ ሽልማት የሚወዳደር ፊልም በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም እንዲቀርብ ደንቡ ያስገድድ ነበር። ዲጂታል ካሜራ በተስፋፋበት ጊዜ ይህ ግዴታ አነስተኛ ገንዘብ ላላቸው አዘጋጆች ከባድ ሸክም ሆነ። በ2013 ይህን መስፈርት ያላሟሉ ፊልሞች ከዋናው ውድድር በመውጣታቸው ብርቱ ቅሬታ ተነሣ። አስተዳደሩም ደንቡን ለውጦ ከ2015 ጀምሮ ዲጂታል ፊልሞች እንዲወዳደሩ ፈቅዷል።

ሁለተኛው ቅሬታ የሴት ባለሙያዎችን ይመለከታል። ከ1972 እስከ 2025 ከተሰጡት 27 የወርቅ ሽልማቶች መካከል በሴት ዳይሬክተር የተወሰደ አንድም የለም። የመጀመሪያውን ኮሚቴ ሴት በመሩት ተቋም ይህ ውጤት መታየቱ ጥያቄ ማስነሣቱ የሚጠበቅ ነው። በ2023 የብሩን ሽልማት አፖሊን ትራኦሬ፣ የነሐሱን ደግሞ የኬንያዋ አንጄላ ዋማይ መውሰዳቸው እንደ መሻሻል ቢታይም ጥያቄው ገና አልተመለሰም።

የ2025 ውድድር

29ኛው ፌስቲቫል ከየካቲት 22 እስከ መጋቢት 1 ቀን 2025 ተካሂዷል። ሊከፈት ሦስት ቀናት ሲቀሩት የዳኞቹ ሰብሳቢ እንዲሆኑ የተሰየሙት ሱሌይማን ሲሴ በባማኮ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ሲሴ በ1979 እና በ1983 የወርቁን ሽልማት የወሰዱ ሲሆን፣ ሁለት ጊዜ ለማሸነፍ የበቁት እርሳቸውና አላን ጎሚስ ብቻ ናቸው። የሰብሳቢው ኅልፈት ከባድ ኀዘን ቢያስከትልም ዳኝነቱ በተያዘለት ጊዜ ተከናውኗል።

አሸናፊው የቡርኪና ፋሶው ዳኒ ኩያቴ «ካታንጋ፣ የጊንጦች ጭፈራ» ሆነ። ፊልሙ የሼክስፒርን «ማክቤዝ» ወደ አፍሪካ ሕይወት መልሶ በሞሬ ቋንቋ የቀረበና በጥቁርና ነጭ የተሠራ ሲሆን፣ ሥልጣን ሰውን እንዴት እንደሚያበላሽ ይናገራል። አሸናፊው የአዘጋጇ ሀገር ፊልም መሆኑ በሌላ ሁኔታ ጥርጣሬን ሊጋብዝ ይችል ነበር። ሆኖም ቀደም ባሉት 13 ውድድሮች ሽልማቱ ያለ አድልዎ ወደ ሌሎች ሲሄድ የታየ በመሆኑ ድሉ ክብደት አግኝቷል።

ከዚህ ታሪክ መረዳት እንደሚቻለው የፌስፓኮ ዋና ሀብት ተአማኒነቱ ነው። መንግሥት ተቋሙን በሕግ አቋቁሞ፣ በጀት መድቦና ደንብ አውጥቶ ፍርዱን ለዳኞች ትቷል። ውጤቱ ለረጅም ጊዜ የራሱን ሀገር ባለሙያዎች ባያስደስትም አሠራሩን አልለወጠም። በሁለት ዓመቱ ዑደት መሠረት የ30ኛው ፌስቲቫል ተራ የሚውለው በ2027 ነው።