«በእርሳስ ብቻ አጥቁሩ» የተባለው ለምን ነበር?

ማትሪክ የተፈተናችሁ ሁሉ ይህችን ትእዛዝ ታስታውሷታላችሁ፦ «በእርሳስ ብቻ አጥቁሩ»። ቆይ፣ እስክርቢቶ ምን አጠፋ?

መልሱን ለማግኘት ወደ 1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ እንመለስ። ሬይኖልድ ጆንሰን የሚባል የሚሺጋን የሁለተኛ ደረጃ ሳይንስ መምህር ፈተና የሚያርም ማሽን ሠራ። ዘዴው ቀላል ነው፤ የእርሳስ ግራፋይት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። አይቢኤም ሐሳቡን ገዝቶ፣ ጆንሰንንም ቀጥሮ፣ በ1938 «አይቢኤም 805» የተባለውን ማሽን አወጣ። ይህ ማሽን ወረቀቱን አያይም ነበር፤ በጠቆረው ቦታ ኤሌክትሪክ ማለፉን ይለካል እንጂ። ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ቀለም የጻፈ ተማሪ፣ ለማሽኑ ምንም እንዳልሠራ ነው!

በ1950ዎቹ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲው ኢ. ኤፍ. ሊንድክዊስት በብርሃን የሚያነብ ማሽን ይዞ መጣ። አሁን የሚለካው ጥቁረት ሆነ። ግን ማሽኑ የቱ ክብ የ17ኛው ጥያቄ እንደሆነ በምን ያውቃል?

በወረቀቱ ጠርዝ የተደረደሩትን ትንንሽ ጥቁር ሰረዞች ልብ ብላችኋል? ጌጥ አይደሉም። እያንዳንዱ ሰረዝ «እዚህ ጋ አንድ ረድፍ አለ፣ አንብብ» ይለዋል። ክቦቹ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚታተሙት የማሽኑ ብርሃን በማያየው ፈዛዛ ቀለም ነው፤ የሚታየው እናንተ ያጠቆራችሁት ብቻ እንዲሆን።

ስለዚህ ኅትመቱ ትንሽ ከሸሸ፣ ወይ ጠርዙ ከተጨማደደ፣ ትክክለኛው መልስ የሌላ ጥያቄ መልስ ሆኖ ሊነበብ ይችላል። «አትጠፉት፣ ጠርዙ ላይ አትጻፉ» የሚለው ፈታኝ ነገር እያካበደ አልነበረም። የዓመታት ልፋታችሁ በእነዚያ ሰረዞች በኩል ነው የሚያልፈው።