ሠዓሊውና የእንስሳት ተመራማሪው



ዛሬ የማነሣው ሥነ ጥበብና ሳይንስ የእንስሳትን አኳኋንና እንቅስቃሴ ለመመዝገብ በአገራችን የተገናኙበትን አንድ ጉዞ ነው። እ.ኤ.አ. በ1926 የቺካጎው ፊልድ ሙዚየም ወደ ኢትዮጵያ በላከው ቡድን ውስጥ የእንስሳት ተመራማሪው ዊልፍሬድ ኦስጉድና ሠዓሊው ሉዊስ አጋሲዝ ፉዌርቴስ ነበሩበት። ተመራማሪው የሚሰበስበው ቆዳ የወፏን መጠንና ዝርያ ይመሰክራል፤ ክንፏን እንዴት እንደምትዘረጋ፣ አንገቷን እንዴት እንደምትቀልስ ግን አይናገርም። የዓይኗና የእግሯ ቀለምም ከሞተች በኋላ ይለወጣል። ይህን ክፍተት ሠዓሊው በእርሳስና በውሃ ቀለም ሞላው።

ፉዌርቴስ እ.ኤ.አ. በ1927 ወደ አገሩ ተመልሶ ብዙ ሳይቆይ በባቡር አደጋ ሞተ። ሥዕሎቹ ግን ተረፉ፤ ከእነርሱም 32ቱ በ1930 በአልበም ታተሙ።

ከዚህ ታሪክ የምረዳው ሠዓሊው የሳይንስ አስጌጭ ሳይሆን ምስክር መሆኑን ነው። እዚህ ቤቴል ሰማይ ላይ የሚያንዣብበውን ጭላት በሙዚየም መሳቢያ ያለ ቆዳ ብቻውን አያስረዳንም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሙዚየምም አለ፤ የአለ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም አለ። የሁለቱ ተማሪዎች አብረው ቢወጡ፣ እንስሳቱ ከመጥፋታቸው በፊት አረማመዳቸውንና አበራረራቸውን መዝግበው ያቆዩልናል።